መርዶ በማሲንቆ አይነገርም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የቢሮ ባልደረቦቼ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ካባ ሸለሙኝ። ከዚያ መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ እትዬ ማስተዋል ለፊልም ከሠሯቸው ሙዚቃዎች ሁሉ ሰው የማይረሳውን ትዕይንት እናሳያችኋለን!» አለና መብራቱን አጠፋው። ስክሪኑ ላይ አንዲት የአዲ አርቃይ እናት ወተት ስትንጥ ብቅ አለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማሲንቆ ሳስመታ፣ ዋሽንት ሳስነፋ፣ ኪቦርድ ስነካካ ኖሬ ኖሬ፣ ሰዎቹ ለሽኝቴ የመረጡት ትዕይንት ውስጥ አንዲት የሙዚቃ ድምፅ የለችም!

ደግሞም ልክ ናቸው። ከሠራሁት ሁሉ እኔም የምኮራው በሱ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ስንት ነገር አልፏል መሰላችሁ፤ ከሥሩ ላውራው።

ያደግኩት ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። አባቴ መሪጌታ ኅሩይ የድጓ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከተማሪዎቹ ጎጆ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ ዜማ ሳልሰማ የነቃሁበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። ሴት ነኝና ማኅሌት አልቆምኩም፤ ጆሮዬን ግን ማን ይከለክለኛል! ተማሪው ዜማ ሲያበላሽ የበላሁት ቁርስ ጉሮሮዬ ላይ ይቀረቀር ነበር። አባባ ይህን ያውቃሉ። ተማሪ ሲያስተምሩ አንዳንዴ ወደኔ ገልመጥ ይላሉ፤ ፊቴ ተኮማትሮ ካዩ «ድገመው» ይሉታል እንጂ ለኔ ቃል አይተነፍሱም። ምስጋና ከአፋቸው የሚወጣ ሰው አልነበሩም። እኔ ደግሞ ከደሞዝም ከሹመትም በላይ የምመኘው ነገር አንድ ነበር፤ አንድ ቀን እኒህ ሰውዬ በሠራሁት ሥራ «ሸጋ ነው» እንዲሉኝ።

ገና ኮረዳ ሳለሁ ኪነት ቡድን ገባሁ። ድምፀ መረዋ ነሽ ተብዬ ለዘፈን ነበር የተመለመልኩት፤ እዚያ ያቆየኝ ግን አያ ቢሻው ነው። አያ ቢሻው የወገራ ሰው ነው፤ የቡድኑ ማሲንቆ መቺ። በወጣትነቱ እዚሁ ጎንደር ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ይቆርጥ ነበር። ፊልም ሲጀመር በሩን ትቶ መግባት ስለማይፈቀድለት መጋረጃው ውጭ ተቀምጦ ይሰማል። ዓመታት ሙሉ ፊልም በጆሮው ብቻ ያየ ሰው እሱ ነው። «ቋንቋውን የት አውቄው! ሙዚቃው ሹክ ይለኝ ነበር እንጂ። አታላዩ ሲመጣ አውቃለሁ፣ ልጅቱ ስትስቅ አውቃለሁ፣ ሰው ሊሞት ሲል አውቃለሁ» ይላል። ኋላ አንድ ቀን አስገብተው ቢያሳዩት ቅር አለው። እሱ በጆሮው የሠራው ፊልም ይበልጥ ነበራ!

ይኼ ሰው አንድ አመል ነበረው። ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ። ቡድናችን ቲያትር ሲለማመድ ከመጋረጃው ኋላ ይቀመጥና እየቆረጠመ ይሰማል። ሙዚቃ የት የት እንደሚገባ የሚወስነው በዚያ ቆሎ ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ተዋናዩ እያወራ እኔ ዝም ብዬ ከቆረጠምኩ ነገሩ አልያዘኝም ማለት ነው። እዚያ ላይ ሙዚቃ ይረዳል፣ አግቢ። መንጋጋዬ በራሱ ጊዜ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ግን እጅሽን ሰብስቢ። እዚያ ትዕይንቱ ራሱን ችሏል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው ሁሉ ልመና ነው።»

እስቲ ይታያችሁ! እኔ ኋላ ስለ ፊልም ሙዚቃ ሥልጠናም ወስጃለሁ፣ የምስክር ወረቀትም አለኝ፤ ከዚች ከቆሎዋ ትምህርት የሚበልጥ ግን አላገኘሁም።

ኪነቱ ሲበተን ባህል ቢሮ ተቀጠርኩ። ደሞዙን ተዉት፣ እሱን ላንሳ ብል ሳቅም ለቅሶም አይበቃኝ። አለቃ ግን በያይነቱ አየሁ። አንዱ አለቃዬ የሙዚቃ ጥሩነት በጩኸቱ የሚለካ ይመስለው ነበር፤ ምንም ነገር ባሰማው «ድምፅ ጨምሪበት፣ ኋላ ያለውም ሕዝብ ይስማ!» ነው መልሱ። ሌላዋ ደግሞ ሙዚቃ ሲጀመር እንቅልፍ የሚወስዳት ነበረች። እሷን ወደድኳት፤ ሥራዬ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ከዚያ የፊልም ዘመን መጣ። ዳይሬክተሩ ሁሉ ለግንቡና ለስሜን ተራራ ሲል ወደኛ ይጎርፍ ጀመር፤ እግረ መንገዱን የአካባቢ ዜማ ሲፈልግ «እዚያች ማስተዋል ጋ ሂዱ» ይሉታል። ፒያሳ አንድ ክፍል ተከራይተን ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍነን ስቱዲዮ አልነው። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሥራ የለም። ማሲንቆ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ደጋ ላይ ጉሙ ሲያገኘው ቆዳው ይረግባል፣ ቆላ ሲወርድ ይወጠራል። ደባርቅ ላይ የቀዳነውን ዜማ ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ ላይ ብንቀጥለው ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ያወቅነው ሁለት ቀን ሙሉ ከቀዳን በኋላ ነው። አያ ቢሻው ከዚያ ወዲህ ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ ነው የሚጓዘው፤ ማኪና ውስጥ ለሱ ወንበር ካልተገኘ እሱም አይሄድም።

ሰው «ማጀቢያ ሙዚቃ» ይላል። እኔ ቃሉን ብዙም አልወደው፤ ሙዚቃ ከኋላ እያጨበጨበ የሚከተል ሚዜ አይደለም። አንድ ፊልም ነበረን፤ ያለ ዕድሜዋ ስለተዳረች ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ሠርጉ አለ፣ ጭፈራው አለ፣ ሰው ይስቃል። ያቺኑ የሠርግ ዜማ ያዝኩና ልጅቱ ከባሏ ቤት ወጥታ ብቻዋን ስትሄድ ቀስ አድርጌ በዋሽንት አመጣኋት። ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ፣ ዜማዋ ብቻ። ደባርቅ ሲታይ ሴቶቹ ተዋናይቷ ሳታለቅስ ቀድመው አለቀሱ። ሰው የሚያለቅሰው አስቀድሞ በሳቀበት ዜማ ነው፤ አዲስ ዜማ ማንንም አያስለቅስም። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

መቼም ኩራት ሲያብጥ የሚያስተነፍሰው አይጠፋም። ቀጥሎ የመጣው ፊልም ስለ አንድ ዲያቆን ነበር። መምህሩ በሁዳዴ ይታመሙበታል። ዲያቆኑ ሳይሞቱ ሊደርስባቸው በጉም ውስጥ ሽቅብ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይደርሳል፤ በእጁ ላይ ያርፋሉ። ለዚያ ሩጫ ከበሮ አገባሁበት። በሩቁ እንደ ልብ ትርታ የሚጀምር፣ ቀስ እያለ የሚቀርብ፣ ኋላ መላውን አዳራሽ የሚያናውጥ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደ ሙዚቃ እስከዛሬ የማላፍርበት የከበሮ አመታት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል እንደማይነካ አላጣሁትም። ግን ከበሮው የፊልሙ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ዲያቆኑ አይሰማው፣ መምህሩ አይሰሙት! አያ ቢሻውም ታሞ ወገራ ስለነበር ቆሎ የሚቆረጥምልኝ አላገኘሁም።

ፊልሙ ጎንደር ላይ የታየው በፋሲካ ሰሞን ነው። የአብነት ትምህርት ታሪክ ነው ስለተባለ የደብሩ ቤተሰብ በሙሉ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባባም መጡ። ከኔ ጥቂት ወንበር ራቅ ብለው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ። 

ሩጫው ተጀመረ። ከበሮዬ ከሩቅ መጣ። ከፊት ወንበር አንዲት እናት «በስመ አብ! በሁዳዴ ከበሮ!» አሉ። አንዱ ከኋላ «ፋሲካ ደረሰ እንዴ?» አለ። በቃ። ሳቁ ከወንበር ወንበር ተያያዘ። መምህሩ ሲሞቱ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። አባባ ተነሱና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ቋ… ቋ… ቋ… እያለ እስከ በሩ ሄደ። ሳቁ ጸጥ አለ፤ እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ቤት ስደርስ ቀድመውኝ ገብተዋል። ኋላ እኔው ጀመርኩ።

«አባባ፣ ከበሮውን እኮ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች አይሰሙትም። ተመልካቹ ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ተመልካቹ ማነው? እኛ አይደለንም? መምህሩ ጾም ላይ፣ ዲያቆኑ ጾም ላይ፣ ምነው ያንቺ ሙዚቃ ብቻውን ፍስክ ሆነ?» አሉኝ። ቀጥለው «እኔ ከእንግዲህ ፊልም ቤት ደጃፍ አልረግጥም» አሉ።

እውነታቸውን መሆኑ አቃጠለኝ። ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ገበያ ስወጣ «ባለ ከበሮዋ» ይሉኛል። ዳይሬክተሮቹም ሌላ ሰው ፈለጉ፤ ቢሮዬ ገብቼ ለበዓል ትርኢት ጭፈራ ማለማመድ ሆነ ሥራዬ። አያ ቢሻው ድኖ ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ሰዉ ዝም ያለው መቼ ነው አልሽኝ?» አለ።

«አባባ ሲወጡ።»

«እንግዲህ የሁሉም መንጋጋ ያን ጊዜ ነው ያቆመው። በዚያ ፊልም ላይ ከተሰማው ድምፅ ሁሉ የሚይዘው የአባትሽ መቋሚያ ነበር ማለት ነው። እሱን ያዢው።»

ያዝኩት። ምን እንደማደርገው ግን ለዓመታት አላወቅሁም።

ኋላ ሱራፌል የሚባል ዳይሬክተር መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቁጡ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳይበላ የሚውል። «ባለ ከበሮዋ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ነው የተዋወቀኝ። «እኔ ነኝ፣ ምን ይሁን?» አልኩት። ሳቀና ሥራውን ሰጠኝ። ፊልሙ ልጇ አገር ርቆ የሞተባት የአዲ አርቃይ እናት ታሪክ ነው። መካከሉ ላይ መርዶ አለ፤ ሴትዮዋ ሊነጋጋ ሲል ደጃፏ ላይ ወተት በቅል እየናጠች ሳለ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዷታል። ፊልሙ የሚነሳውም የሚወድቀውም በዚያች ትዕይንት ነው። ለኔም እንዲሁ ነበር። ይህን ካበላሸሁ «ባለ ከበሮዋ» የሚለው ስም መቃብሬ ድረስ ይከተለኛል።

ለፊልሙ መጀመሪያ በቅሉ እንቅስቃሴ ላይ የምትዘመር አንዲት ትንሽ የናጭ ዘፈን ሠራሁ። ቅሉ ሲወዛወዝ ወተቱ ውስጡ ይንቦጫቦጫል፤ ምቱ እሱ ነው። እናቲቱ ትዘፍናለች፣ ልጇ እየቀለደ ይቀበላታል፣ ሰው ይስቃል። ሱራፌል ወደዳት። መርዶው ላይ ግን ተጣላን። እሱ ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ብቅ ሲሉ ጀምሮ ማሲንቆ እንዲያለቅስ፣ ኋላም ቫዮሊን እንዲገባ ይፈልጋል። እኔ የለም አልኩ። ምን ይግባ ሲለኝ ደግሞ መልስ የለኝም! ፈለግኩም አልፈለግኩም በሱ ሐሳብ ቀዳነው፤ ማሲንቆውን የመታው አያ ቢሻው ነው፤ አመታቱ አንጀት ይበላል።

አያ ቢሻው ነው መላ ያመጣው። «ቅዳሜ ወደኛ አገር ውሰጂው» አለኝ። በገበያ ቀን ሱራፌልን ይዘን አምባ ጊዮርጊስ ወጣን፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ያለ ቪዲዮ ቤት ገብተን ያቺን ትዕይንት አሳየን። ገበያተኛው እህሉን ሸጦ ጋቢውን እየሰበሰበ ገባ። ሽማግሌዎቹ ገና ኮረብታው ጫፍ ብቅ ሲሉ ማሲንቆው ጀመረ። አንድ ገበሬ ጮክ ብሎ «ወይ ጉድ! ሞተባት!» አለ። ጎረቤቱ «ምነው ቸኮልክ፣ ሰዎቹ መች ደረሱ?» ሲለው «ማሲንቆው ነገረና! ሰማነ እኮ! መርዶ በማሲንቆ ይነገራል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብሎ መለሰለት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የዲያቆኑ ፊልም እንደገና መጣብኝ።

ሱራፌል ግን ሳቀ። ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። «እውነቱን ነው፤ መርዶውን ሙዚቃው ቀድሞ አረዳት» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልጁን የወደድኩት። ቀጥሎ «እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት ማሲንቆው ይውጣ። ጎንደር ላይ ሞተን ከተገኘን ግን አብረን ነው የምንቀበረው» አለ።

ቤት ሄጄ አባባን «መርዶ ሲሄዱ እንዴት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለስንት ቤት መርዶ ያደረሱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ «ምን ያደርግልሻል?» አሉ፤ ነገርኳቸው። ፊልም የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተቋጠረ። ግን ሰው የማያውቀውን ሲያበላሽ ዝም ብሎ ማየት የማይችሉ መምህር ናቸው።

«መርዶ አርጂ አይቸኩልም፣ አያወራም። መንገዱ ላይ በትሩ ይሰማል። ደጃፍ ሊደርስ ሲል ግን በትሩን አንስቶ ብብቱ ሥር ያገባዋል። ቤተኛው ክፉውን ከበትር ሳይሆን ከሰው አፍ ይስማ ብለን ነው።»

«ያን አረማመድ ይሂዱልኝ?»

 በማግስቱ ማለዳ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ፤ ከቤታችን ፊት ባለው የድንጋይ መንገድ ላይ ሄዱልኝ። መቅጃውን ይዤ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ቋ… ቋ… ቋ… ያው የድሮው ድምፅ፤ ያኔ ከኔ እየራቀ ነበር፣ ዛሬ ወደኔ እየመጣ ነው። ደጃፉ ሊደርስ ሲል ቀረ። እሳቸው በትሩን ብብታቸው ሥር ይዘው ፊቴ ቆመዋል። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

ጎንደር ላይ ፊልሙ ሊታይ ሲል አያ ቢሻው ቁስቋም ድረስ ሄደ። ምርኩዝ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ አርጅቷል። «መሪጌታ፣ እግርዎ ቀድሞ ገብቷል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አላቸው። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ አባባ መሐላቸውን አፍርሰው መጡ። አያ ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ድሮ ቲኬት ቆራጭነቱ ለሚገባው ሁሉ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ ያድላል። ለአባባም ሰጣቸው። ተቀብለው ገቡ።

እኔ ስክሪኑን አላየሁም፤ አዳራሹን ነበር የምሰማው። የናጭ ዘፈኗ ስትመጣ ሳቁ፤ ቆሎው ይንኳኳል። ከዚያ ያ ማለዳ መጣ። ሴትዮዋ ቅሉን ታወዛውዛለች፣ ዘፈኗ የለችም፣ የወተቱ መንቦጫቦጭ ብቻ። ከሩቅ ድንጋይ ላይ በትር ተሰማ። ቋ… ቋ… ቀረበ። የሚቆረጥም ሰው አነሰ። በትሩ ቀረ። ማን ምን እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበትሩን ዝምታ የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም። ሴትዮዋ ብቻ አላወቀችም፤ ቅሉ መንቦጫቦጩን ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ እሷም አቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት ገብስ አልተሰበረችም። አንዲት! የሱራፌል እጅ ክንዴን እንዴት ጨምድዶ እንደያዘ ኋላ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ብዙ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ሲነኩት ስንትና ስንት ቫዮሊን ያለቅሳል፤ አልጠላውም፣ ሸጋ ነገር ነው። የኔ ጆሮ ደክሟል፤ ሐኪሙ ቀጫጭን ድምፆችን እንደማልሰማ ነግሮኛል። የቆሎ ድምፅ ግን እሰማለሁ፣ ለሥራዬ እሱ ይበቃኝ ነበር።

ያኔ ፊልሙ ጎንደር ላይ የታየ ዕለት አባባን ይዤ ሽቅብ ወደ ቁስቋም ሄድን።  እኔ «ሸጋ ነው» የምትለዋን እየጠበቅሁ በየደረስንበት ፊታቸውን አያለሁ። ምንም። ቤት ስንደርስ መቋሚያቸውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። በግራቸው ሰጡኝ። ቀኛቸው ጭብጥ እንዳለ ነው።

«አባባ፣ እጅዎን ምን ሆኑ?»

ግራ ተጋብተው አዩትና ከፈቱት። አያ ቢሻው በር ላይ የሰጣቸው ቆሎ እንዳለ አለ። አንድም አልጎደለ፤ በላብ ርሶ መዳፋቸው ላይ ተጣብቋል።

«ውይ፣ ለካ ይኼ እጄ ላይ ነው» አሉ።

ተቀብያቸው እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ በላሁት። «ሸጋ ነው» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ጠብቄ አላውቅም።